ትንፋሽን የመረመሩት ዶክተር ጆን ስኮት ሆልዴን

ከወልድያ ወደ ደሴ በሚወስደው አውራ ጎዳና ቁልቁል የሚጓዝ መንገደኛ መርሳ ሲደርስ በስተምሥራቅ የሀብሩ ወረዳ ቆላማ ሜዳ ተንጣሎ ይታየዋል። ከጊራና እስከ ቆቦ የሚዘልቀው ይህ ሸለቆ ከላይ ዝናብ ያጥረዋል እንጂ ከሥሩ ውኃ አያጣም። ስለዚህም ገበሬው ለከብቱና ለጓሮው ውኃ ፍለጋ፣ ዶማና አካፋ ይዞ በገመድ እየወረደ ጉድጓድ ይቆፍራል። ጉድጓዱ እየጠለቀ በሄደ መጠን ግን ከውኃው በፊት ሌላ ነገር ሊጠብቀው ይችላል፤ ይኸውም ቀለምም ሽታም የሌለው፣ ሰውን ሳያስታውቅ የሚጥል የታፈነ አየር ነው። ቆፋሪው በድንገት ዝም ሲል አፋፍ ላይ ያለው ወንድሙ ሳያመነታ ይወርዳል፤ እርሱም ዝም ይላል። ሦስተኛው ደግሞ ሁለቱን ለማውጣት ይወርዳል። የአንድ ቤት ሰዎች በአንድ ጉድጓድ የሚቀሩበት ይህን መሰሉ አደጋ፣ በአገራችንም ሆነ በሌላው ዓለም ጉድጓድ በእጅ በሚቆፈርበት ሁሉ የታወቀ ነው።

የአደጋው ምክንያት የጉልበት ማነስ ወይም የድፍረት መብዛት ብቻ አይደለም። የሰው አካል ኦክሲጅን ሲያንሰው የሚያሰማው ደወል የሌለው መሆኑ ነው። ዛሬ በባሕር ጥልቀት የሚሠሩ ጠላቂዎች፣ የተነፈሱትን አየር እያጣራ መልሶ የሚያስተነፍሳቸውን መሣሪያ ከመታጠቃቸው በፊት አስቀድመው የሚማሩት ይህንኑ ነው። የሀብሩ ጉድጓድ ቆፋሪና የባሕር ጠላቂ እጅግ የተራራቁ ቢመስሉም ሁለቱን የሚገድላቸው አንድ ነገር ነው፤ የሚያድናቸውም አንድ ዕውቀት ነው። ያንን ዕውቀት በአብዛኛው ለዓለም ያበረከቱት ስኮትላንዳዊው ሐኪም ዶክተር ጆን ስኮት ሆልዴን ናቸው።

ሆልዴን የተወለዱት እ.ኤ.አ. በሜይ ወር 1860 በኤዲንብራ ከተማ ነው። ቤተ ሰባቸው የታወቀና የተማረ ነበር፤ ወንድማቸው ሪቻርድ በርደን ሆልዴን ኋላ የብሪታንያ የጦር ሚኒስትር ለመሆን በቅተዋል። ጆን ግን ሹመትንም ሆነ የሀብታሞችን ሕክምና አልፈለጉም። በኤዲንብራ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ትምህርታቸውን እ.ኤ.አ. በ1884 ከፈጸሙ በኋላ በዳንዲ ከተማ በሚገኘው ኮሌጅ ተቀጥረው የድሆችን ቤት አየር መመርመር ጀመሩ። በሌሊት ጠርሙስ ይዘው ብዙ ሰው ታጭቆ በሚያድርባቸው ጠባብ ክፍሎች፣ በትምህርት ቤቶችና በፍሳሽ ቦዮች እየዞሩ የአየር ናሙና ይቀዱ ነበር። በዚያ ዘመን በሽታን የሚያመጣው የፍሳሽ ሽታ ነው ተብሎ በሰፊው ይታመን ነበር። የሆልዴንና የባልደረቦቻቸው ምርመራ ግን የቦዩ አየር እንደታሰበው የከፋ አለመሆኑን፣ የተጨናነቀው መኝታ ክፍል አየር ግን ከተገመተው በላይ የተበላሸ መሆኑን አሳየ። አፍንጫ የጠላው ሁሉ እንደማይገድል፣ አፍንጫ ያልጠላው ሁሉም ደኅና እንዳልሆነ ሆልዴን የተረዱት ከዚህ ነው። ይህም ሐሳብ ዕድሜ ልካቸውን አልተለያቸውም።

ከዳንዲ ወደ ኦክስፎርድ ተዛውረው ከአጎታቸው ከፕሮፌሰር በርደን ሳንደርሰን ጋር መሥራት ጀመሩ። እ.ኤ.አ. በ1890ዎቹ መጀመሪያ ከሎሬን ስሚዝ ጋር ሆነው አየር የማያስገባ ሣጥን አሠሩና ለሰዓታት እየተዘጉ የራሳቸውን ትንፋሽ መልሰው ተነፈሱ። በዚያን ጊዜ ከሰው ትንፋሽ ጋር ስውር መርዝ ይወጣል የሚሉ ሊቃውንት ነበሩ። ሙከራው ግን እንዲህ ያለ መርዝ አለመኖሩን፣ ሰውን የሚያስጨንቀው የካርቦን ዳይኦክሳይድ መብዛትና የኦክሲጅን ማነስ መሆኑን አመለከተ።

ከዚህ በኋላ የዶክተር ሆልዴን ቤተ ሙከራ የድንጋይ ከሰል ማዕድን ሆነ። እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 1896 በደቡብ ዌልስ በታይለርስታውን የማዕድን ጉድጓድ ፍንዳታ ደርሶ 57 ሰዎች ሞቱ። ሆልዴን ወደ ስፍራው ወርደው አስከሬኖቹን አንድ በአንድ መረመሩ። ሕዝቡ ሠራተኞቹ በእሳቱና በፍንዳታው እንዳለቁ ያምን ነበር፤ ምርመራው ግን አብዛኞቹን የፈጃቸው ከፍንዳታው በኋላ ጉድጓዱን የሞላው ካርቦን ሞኖክሳይድ መሆኑን ገለጠ። ይህ ጋዝ በደም ውስጥ ኦክሲጅን የሚሸከመውን ሄሞግሎቢን ይዞ አይለቅም። ሰውዬው እየተነፈሰ ይታፈናል፤ ፊቱም እንደ ጤነኛ ሰው ቀልቶ ይታያል።

ሆልዴን አስቀድመው ይህን ጋዝ በገዛ አካላቸው ላይ ሞክረውት ነበር። እየተነፈሱት የሚሰማቸውን ሁሉ በየደቂቃው ይጽፉ፣ ደማቸውንም እየቀዱ ይለኩ ነበር። በአንዱ ሙከራ ከሄሞግሎቢናቸው ከግማሽ የሚበልጠው በጋዙ እስኪያዝ ድረስ ታገሡ፤ በዚያን ጊዜ መቆም እንኳ ተስኗቸው ነበር። ከሁሉ ይልቅ ያስገረማቸው ግን አካሉ እየደከመ ሳለ አእምሮው ደኅና ነኝ ብሎ ማመኑ ነው። ስለዚህ ሰው በገዛ ስሜቱ ላይ መተማመን እንደማይገባው ተገንዝበው ከሰው የፈጠነ ምስክር ፈለጉ። ትንንሽ እንስሳት ትንፋሻቸው ፈጣን በመሆኑ ጋዙ በቶሎ ይጥላቸዋል። በሆልዴን ምክር መጀመሪያ አይጥ፣ በኋላም ካናሪ የምትባለው ወፍ ከማዕድን ሠራተኞች ጋር መውረድ ጀመረች። ወፏ ከመቆሚያዋ ስትወድቅ ሠራተኛው ደኅና ነኝ እያለም ቢሆን መውጣት ግዴታው ሆነ። በብሪታንያ ማዕድኖች ይህ ልማድ እስከ 1980ዎቹ ዘልቋል።

የመብራትንም ነገር ቢሆን ሆልዴን በሚገባ ለይተው አስረድተዋል። ንጹሕ አየር ከመቶ 21 እጅ ያህል ኦክሲጅን ሲኖረው፣ የሻማ ነበልባል 17 እጅ ገደማ ሲደርስ ይጠፋል፤ ሰው በዚያ መጠን ገና በሕይወት ይቆያል። ስለዚህ የጠፋ መብራት ለመውጣት ጊዜ ይሰጣል። ነገር ግን ሰውን ለመግደል የሚበቃ ካርቦን ሞኖክሳይድ ባለበት ስፍራ መብራቱ ሳይደበዝዝ ሊበራ ይችላል። መብራት የአንዱ አደጋ ምስክር እንጂ የሁሉም አይደለም። አንድ መለኪያ የማይለካውን ነገር ማወቅ፣ የሚለካውን ከማወቅ የማያንስ የደኅንነት ትምህርት ነው።

ለዚህ ሁሉ መሠረት የሆነው ታላቅ ግኝታቸው የተገለጠው እ.ኤ.አ. በ1905 ነው። ሆልዴን ከጆን ጊሊስ ፕሪስትሊ ጋር ሆነው፣ ሰው እንዲተነፍስ የሚያስገድደው በተለመደው ሁኔታ የኦክሲጅን ማነስ ሳይሆን የካርቦን ዳይኦክሳይድ መጨመር መሆኑን አረጋገጡ። በሳንባ ውስጥ ያለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከመቶ ሁለት አሥረኛ እጅ ያህል ብቻ ቢጨምር የሚተነፈሰው አየር በእጥፍ ያድጋል። የሚያስጨንቀን፣ ደረታችንን የሚያስነሣው፣ ውጣ ውጣ የሚለን እርሱ ነው። ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሳይጨምር ኦክሲጅን ብቻ ቢጎድል ግን ጭንቀት ሳይሰማን፣ እንዲያውም አንዳንዴ ደስ እያለን፣ ጉልበታችን ይከዳንና እንወድቃለን።

የብሪታንያ የባሕር ኃይል በ1905 ስለ ጠላቂዎች ኮሚቴ ሲያቋቁም ሆልዴንን የጠራቸው በዚህ ምክንያት ነው። ጠላቂዎች ጥልቀት ሲጨምሩ ሥራ ያቅታቸው ነበር፤ ሲወጡም አንዳንዶቹ ሽባ ይሆናሉ፣ ይሞታሉም። ለመጀመሪያው ችግር ሆልዴን መፍትሔውን በቶሎ አገኙት፤ የራስ ቁሩ በቂ አየር ስለማይገባው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይጠራቀም ነበርና ፓምፑ የሚልከው አየር በጥልቀቱ ልክ እንዲጨምር አደረጉ። ሁለተኛው ግን ረዥም ጥናት ጠየቀ። በየ10 ሜትሩ የባሕር ጥልቀት በጠላቂው ላይ የአንድ ከባቢ አየር ያህል ግፊት ይጨምራል፤ በግፊቱም ናይትሮጂን ወደ ደሙና ወደ ሥጋው ይሟሟል። ጠላቂው ቸኩሎ ሲወጣ፣ የለስላሳ መጠጥ ጠርሙስ በድንገት ሲከፈት እንደሚሆነው ሁሉ፣ ናይትሮጂኑ አረፋ ሆኖ ደም ሥሩን ይዘጋል።

ሆልዴን በለንደን በሊስተር ተቋም በብረት ክፍል ውስጥ ፍየሎችን እያስገቡ ግፊቱን ከፍ ዝቅ በማድረግ ሞከሩ። ፍየል የተመረጠችው ክብደቷ ከትንንሽ እንስሳት ይልቅ ወደ ሰው ስለሚቀርብና ሕመሙ ሲይዛት እግሯን በማንሣት በግልጽ ስለምታሳይ ነው። ከሙከራው የተገኘው ሕግ፣ ግፊቱ በአንድ ጊዜ እስከ ግማሽ ቢቀነስ አደጋ እንደማያስከትል፣ ከዚያ በኋላ ግን በየደረጃው እየቆሙ መውጣት እንደሚያስፈልግ የሚገልጽ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1906 ዳማንትና ካቶ የተባሉ ሁለት የባሕር ኃይል ሰዎች በስኮትላንድ ባሕር ዳርቻ በዚሁ ሥርዓት 64 ሜትር ያህል ጠልቀው በደኅና ወጡ። በ1908 ሆልዴን ከቦይኮትና ከዳማንት ጋር ያሳተሙት ሰንጠረዥ፣ ጠላቂው በየጥልቀቱ ስንት ደቂቃ መቆም እንዳለበት ያዛል። ሰንጠረዡ በኋላ ብዙ ጊዜ ተሻሽሏል፤ ሆኖም በሰዓትና በደረጃ የመውጣት ሥርዓት የተመሠረተው በእርሱ ላይ ነው።

መልሶ የሚያስተነፍሰው መሣሪያ ከሆልዴን በፊት የተፈለሰፈ ነው። ሰው የሚያስወጣው ትንፋሽ ገና ከመቶ 16 እጅ ያህል ኦክሲጅን ስላለው መጣሉ ብክነት ነው። እንግሊዛዊው ሄንሪ ፍሉስ እ.ኤ.አ. በ1878 ትንፋሹን በከረጢት ተቀብሎ፣ ካርቦን ዳይኦክሳይዱን በኬሚካል አስቀርቶ፣ ኦክሲጅን እየጨመረ የሚመልስ መሣሪያ ሠራ። በ1880 የሰቨርን ወንዝ የባቡር ዋሻ በውኃ ሲጥለቀለቅ አሌክሳንደር ላምበርት የተባለ ጠላቂ ይህንኑ ታጥቆ፣ በድቅድቅ ጨለማ 300 ሜትር ያህል ተጉዞ የብረቱን በር ዘጋ። በመጀመሪያው ጉዞው ሥራውን ሳይጨርስ መመለሱና በሌላ ቀን ሄዶ መፈጸሙ ከጀግንነቱ ይልቅ ሥርዓቱን ያስመሰግነዋል።

መሣሪያው ለማዕድን አደጋ አዳኞች በብዛት ሲታደል፣ በዶንካስተር የከሰል ማዕድን ምርምር ቤተ ሙከራ ኃላፊ የነበሩት ሆልዴን ከ1914 ጀምሮ በጥብቅ መረመሩትና አደገኛ ጉድለቶቹን በዘገባ አወጡ። አደጋው በሦስት ይከፈላል። አንደኛ፣ ከባድ ሥራ የሚሠራ ሰው በደቂቃ እስከ 2 ሊትር ኦክሲጅን ሊፈጅ ስለሚችል፣ መሣሪያው ከዚያ ያነሰ ቢሰጠው በከረጢቱ ናይትሮጂን ብቻ እየቀረ ይሄዳል። ኬሚካሉ ካርቦን ዳይኦክሳይዱን ስለሚያስቀር ሰውዬውን የሚያስጨንቀው ነገር የለም፤ ከረጢቱም ሞልቶ ይታያል፤ ሳያውቀው ይወድቃል። መሣሪያው በሥራው ደኅንነት ራሱ የተፈጥሮን ደወል አፍኖታልና። ሁለተኛ፣ ኬሚካሉ ሲደክም ወይም ሲረጥብ ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ተመልሶ ያፍናል። ሦስተኛ፣ ፈረንሳዊው ፖል ቤር እ.ኤ.አ. በ1878 እንዳሳየው፣ ኦክሲጅን ራሱ በከፍተኛ ግፊት መርዝ ይሆናል።

ከዚህ የሚከተለው መደምደሚያ ለማንኛውም መሐንዲስ ትልቅ ትርጉም አለው። ሰው በስሜቱ ሊያውቀው የማይችለውን አደጋ መከላከል የሚችለው በሥርዓት ብቻ ነው። ስለዚህ የመሣሪያው ተጠቃሚ ከመውረዱ በፊት እያንዳንዱን ክፍል በዝርዝር ጽሑፍ እያረጋገጠ ይፈትሻል፤ የኬሚካሉን ዕድሜ በሰዓት ይቆጥራል፤ መለኪያው የሚለውን ከልቡ ግምት ያስበልጣል፤ ጥርጣሬ ሲገባው ሥራውን ጥሎ ይወጣል። ሥልጠናም የሚደጋገመው ዕውቀቱን ለመጨመር ብቻ ሳይሆን፣ አእምሮ ሲደነግጥ እጅ የለመደውን እንዲሠራ ነው።

ሆልዴን ልጃቸውን ጃክንም ከሕፃንነቱ ጀምሮ በዚህ ትምህርት አሳደጉት። አንድ ጊዜ ማዕድን ውስጥ ቀጥ ብሎ ቆሞ በቃሉ ያጠናውን እንዲወጣ አዘዙት። ልጁ ጥቂት እንደ ተናገረ ተዝለፍልፎ ወደቀ፤ መሬት ላይ ሲተኛ ግን ነቃ። ሚቴን የተባለው ጋዝ ከአየር ስለሚቀል ከጣራው ሥር እንደሚከማች በዚህ ተማረ። ካርቦን ዳይኦክሳይድ ግን ከአየር ስለሚከብድ ጉድጓድ ሥር ይተኛል። በአንዱ ስፍራ የሚያድን ልማድ በሌላው ይገድላልና የጋዙን ጠባይ ሳያውቁ መግባት እንደማይገባ ትምህርቱ ያስረዳል።

እ.ኤ.አ. በ1911 ሆልዴን ከሦስት ሊቃውንት ጋር በአሜሪካ ፓይክስ ፒክ በተባለው 4,300 ሜትር ከፍታ ባለው ተራራ ላይ አምስት ሳምንት ቆይተው፣ አካል ለስስ አየር እንዴት እንደሚለማመድ አጠኑ። የተራራው ከፍታ ከላስታው አቡነ ዮሴፍ ጋር የሚቀራረብ ነው። በዚህ ጥናት ጠቃሚ ውጤት ቢያገኙም አንድ ስሕተትም አጽንተዋል፤ ሳንባ ኦክሲጅንን በራሱ ኃይል ወደ ደም እንደሚገፋ አምነው፣ ሌሎች በማስረጃ ቢቃወሟቸውም እስከ ዕለተ ሞታቸው አልተመለሱም። የሰውን ስሜት እንዳናምን ያስተማሩ ሊቅ የራሳቸውን እምነት ለመለኪያ ማስገዛት የተሳናቸው ጊዜ መኖሩ፣ ሥርዓት ለአዋቂም እንደሚያስፈልግ ያስረዳል።

እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 1915 የጀርመን ጦር በኢፕር ግንባር ክሎሪን ሲለቅ መንግሥት ሆልዴንን ወደ ፈረንሳይ ላካቸው። ጋዙን ለይተው ከተመለሱ በኋላ በራሳቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ እየሞከሩ ለመከላከያ ጭንብል ጥናት መሠረት ጣሉ። በችኮላ ተሰፍተው ወደ ግንባር የተላኩት የጥጥ ንጣፎች እንደማይከላከሉ በሚገባ ያውቁ ነበር። ያልተፈተነ መከላከያ ለታጣቂው የሚሰጠው ደኅንነትን ሳይሆን ሐሰተኛ ድፍረትን ነውና።

ዶክተር ሆልዴን ከፍተኛውን የኮፕሊ ሜዳሊያ በ1934 ተሸለሙ። በ75 ዓመታቸውም በፋርስና በኢራቅ የዘይት ሠራተኞችን የሚጥለውን የሙቀት በሽታ ለማጥናት ተጉዘው፣ ከተመለሱ በኋላ በሳንባ ምች ታመው በኦክስፎርድ አረፉ። ጊዜው በእኛ አቆጣጠር የመጋቢት ወር መጀመሪያ 1928 ዓ.ም. ነበር። በዚያው ወር ከወልድያ በስተሰሜን፣ በኮረምና በአሸንጌ ዙሪያ የፋሺስት ኢጣሊያ አውሮፕላኖች በኢትዮጵያ ሠራዊትና በባላገሩ ላይ የመርዝ ጋዝ ያዘንቡ ነበር። ያ ጋዝ ሳንባን ብቻ ሳይሆን ቆዳንም የሚያቃጥል በመሆኑ ጭንብል ብቻውን ባልበቃ ነበር፤ አብዛኛው ወታደር ግን ያም አልነበረውም። ሆልዴን ሰውን ከጋዝ ለማዳን የደከሙበት ዕውቀት፣ እጅግ ባስፈለገበት ሰዓት ለወሎ ሰው አልደረሰም።

ሥራቸው ግን ከእርሳቸው ጋር አልተቀበረም። እ.ኤ.አ. በ1939 ቴቲስ የተባለችው ሰርጓጅ መርከብ ሰጥማ 99 ሰዎች ሲሞቱ፣ ልጃቸው ጃክ ከፈቃደኞች ጋር በብረት ክፍል እየተዘጋ ስለ ካርቦን ዳይኦክሳይድና በግፊት ውስጥ ስላለ ኦክሲጅን ምርመራውን ቀጠለ። ከእነዚያና ከኋለኞቹ ጥናቶች በመነሣት ዛሬ ጠላቂዎች ንጹሕ ኦክሲጅን ከ6 ሜትር ገደማ በታች እንዳይተነፍሱ ይታዘዛሉ። የዛሬው መሣሪያ ኦክሲጅኑን በበርካታ መለኪያዎች እየተቆጣጠረ ቢሠራም፣ ፍተሻውን የዘለለ ጠላቂን አያድንም።

ወደ ሀብሩ ሜዳ ስንመለስ፣ ጉድጓድ ቆፋሪው የባሕር ጠላቂ መሣሪያ አያስፈልገውም፤ የጠላቂው ሥርዓት ግን ያስፈልገዋል። በየዕለቱ ከመውረዱ በፊት የጉድጓዱ አየር ይፈተሽ፤ በማራገቢያ ንጹሕ አየር እስከ ሥሩ ይነፋ። የቤንዚን ሞተር በጉድጓድ ውስጥ አይነሣ፤ ከእርሱ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ታይለርስታውን ላይ የፈጀው ያው ጋዝ ነውና። ቆፋሪው በገመድ ታስሮ ይውረድ፤ ከላይ የሚቆመውም እርሱን ጎትቶ ለማውጣት እንጂ ለመከተል አይዘጋጅ። የወደቀ ሰው ቢኖር፣ አየሩ ሳይለወጥና መተንፈሻ መሣሪያ የታጠቀ ሠልጣኝ ሳይገኝ ማንም አይውረድ። ይህ ለወንድም ልብ እጅግ ከባድ ትእዛዝ ነው፤ ስለዚህም በአደጋው ሰዓት ሳይሆን አስቀድሞ መማር አለበት። በሰሜን ወሎ ጉድጓድና ዋሻ የሚያስቆፍር መሐንዲስ ሁሉ ይህን ትምህርት ከሥራው ዕቅድ መጀመሪያ ገጽ ላይ ሊያሰፍረው ይገባል። ዶክተር ሆልዴን በገዛ ደማቸው የለኩት አደጋ ዳግም በሌላ ሰው ሕይወት እንዲለካ ማድረግ ከባለሙያ አይጠበቅምና።